ኮምፒውተር በሞተር ሲጫን፦ ከመፍታት እስከ ማብራት

ከአዲስ አበባ የተገዛ ኮምፒውተር ሐዋሳ ድረስ ለመምጣት ብዙም አይቸገርም። አውቶቡስ አለ፣ አይሱዙ አለ፣ ዋናው መንገድ አስፋልት ነው። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከሐዋሳ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ወይም ትምህርት ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ዳገት ላይ ነው ያለው። እዚያ ድረስ የሚወጣው ሞተር ነው። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ለጥገና ሲወርድም የሚመጣው በዚያው በሞተር ነው። ነገሩ የሲዳማ ብቻ አይደለም፤ ጅማም፣ ወላይታም፣ ጎንደርም ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚፈራው ዕቃው እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል፣ በቃ። ዕቃው ሳይወድቅ በሰላም ይደርሳል። ሲሰካ ግን አይነሳም። ለምን? መንገዱን ሙሉ ውስጡ ሲንገጫገጭ ስለመጣ ነው። ራሙ (የማስታወሻ ካርዱ) ከቦታው ላላ ብሏል፣ የፕሮሰሰሩ (የዋናው ቺፕ) ማራገቢያ አንድ እግሩ ወልቋል፣ አንዲት ብሎን ተፈትታ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ አርፋለች። ስለዚህ ትልቁ ሥራ ያለው የማሰሪያው ገመድ ሳይወጣ በፊት ነው። ማሰሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ፦ በሞተር መሄድ አለበት ወይ?

ላፕቶፕ፣ ሃርድ ዲስክ፣ ዴስክቶፕ፣ እስከ 24 ኢንች ያለ ሞኒተር፣ ትንሽ ፕሪንተር በሞተር ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ሰርቨርና ትልቅ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባለ ባትሪ ሳጥን) አይሄድም። የፋብሪካ ካርቶኑ የጠፋ 27 ኢንች ሞኒተርም ባጃጅ ወይም መኪና ይጠብቅ። ባጃጅ ከጉድጓድ ማምለጥ እንደ ሞተር አይችልም፤ ግን ጭናችሁ ላይ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፣ ያ ትልቅ ነገር ነው።

የዴስክቶፑን ሳጥንና ሞኒተሩን አንድ ላይ ጭኖ፣ ከዚያ ላይ ሰው አፈናጦ መሄድ የተለመደ ነው። እባካችሁ ተዉት። ሁለት ዙር ይሁን።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሆናችሁ ሌላም ነገር አለ። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥላለች፣ የሚንቀሳቀሰው ፈቃድ ያለው ነው። ዕቃ የምትሰጡት ሞተረኛ ፈቃድ እንዳለው ቀድማችሁ ጠይቁ። ትራፊክ ሲያስቆመው አብሮ የሚቆመው የእናንተ ኮምፒውተር ነው።

1. ዳታው ቀድሞ ይቀዳ

ዕቃ ይገዛል። የሦስት ዓመት የፒችትሪ ሒሳብ ወይም የተማሪዎች ውጤት ግን ከየትም አይገዛም። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ገልብጡት። የተገለበጠው በትክክል እንደሚከፈት ሁለት ሦስት ፋይል ከፍታችሁ እዩ። ከዚያ ያ ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ጋር አይጓዝ። ካርቶኑ ውስጥ የተጣለ ባክአፕ ባክአፕ አይባልም፤ ሞተሩ ከወደቀ አብሮ ይወድቃል።

እግረ መንገዳችሁን ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱና የሃርድ ዲስኩን ጤንነት የሚያሳየውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። ለምን እንደሚጠቅም መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

2. አጥፍቶ ማንሳት

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ። ዴስክቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 7200 ጊዜ፣ ላፕቶፕ ላይ 5400 ጊዜ ይዞራል። የሚያነበው ጭንቅላት ሳህኑን ሳይነካ በናኖሜትር በሚለካ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋል። የሲጋራ ጭስ ብናኝ ከዚያ ክፍተት ይወፍራል። እየዞረ እያለ አንድ ጉድጓድ ብትገቡ ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፣ የተፋቀው ቦታ ላይ ያለው ፋይል አይመለስም። ሲጠፋ ግን ጭንቅላቱ ወደ ማረፊያው ይሄዳል። ያን ጊዜ የሚችለው ምት ሲበራ ከሚችለው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

የላፕቶፕን ክዳን ከደን ማድረግ ማጥፋት አይደለም። ማሽኑ ተኝቷል እንጂ አልጠፋም። ቦርሳ ውስጥ ሊነቃ ይችላል፤ ከነቃ ሃርድ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ አየር ስለሌለውም ይግላል። ከሜኑው ገብታችሁ ሹት ዳውን አድርጉ። የማሽኑ መብራት ከጠፋ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ፣ ከዚያ አንሱት።

ኤስኤስዲ (በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ከሆነ የሚሽከረከር ነገር የለውም፣ በዚህ በኩል እፎይ በሉ። እንደኔ እንደኔ፣ በየወሩ በሞተር የሚመላለስ ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስክ መተው ራስን ለችግር ማመቻቸት ነው። በኤስኤስዲ ቀይሩት።

3. ሳጥኑን ክፈቱት

ብዙዎቻችን ሲፒዩ የምንለውን ሳጥን ነው የምለው። ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ማብሪያውን አንዴ ተጫኑና የቀረውን ኃይል አስወጡ። አንድ ካቻቪቴ ይበቃል። ጎኑን ክፈቱና ምንም ሳትነኩ ፎቶ አንሱ። መልሳችሁ ስትገጥሙ ስልካችሁን ታመሰግናላችሁ። እጃችሁንም የሳጥኑን ባዶ ብረት አስነኩ፣ ስታቲኩ (ሰውነታችሁ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ) እንዲወርድ።

ከዚያ፦

ሃርድ ዲስኩን ፍቱና አውጡት። ከራሳችሁ ጋር ነው የሚሄደው። ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ለሞኒተሩ የሚልከው ካርድ) ካለም አውጡት። ባለ ሁለት ማራገቢያ ካርድ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ የተንጠለጠለው ደግሞ በአንዲት ቀጭን ስሎት (መሰኪያ) ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ስሎቱን ሊሰብር ይችላል። ግራጫ ብርማ የሆነው ከረጢት፣ ከዕቃው ጋር የመጣው፣ እሱ ውስጥ ክተቱት። ተራ ፌስታል ስታቲክ ይፈጥራል፤ ባዶ ካርድ በፌስታል አትጠቅልሉ።

ራሙ እዚያው ይቆይ። በሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣት ጫን በሉት፣ ማቀፊያው በደንብ ይዞት እንደሆነ እዩ።

የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ በአራቱም ማዕዘን አንድ በአንድ ነካ ነካ አድርጉ። ብዙ የኢንቴል ማራገቢያዎች በአራት የፕላስቲክ እግር ነው የሚያዙት፤ አንዱ ከወለቀ ሌሎቹም ይከተላሉ። ረጅም ባለ ብዙ ክንፍ ማቀዝቀዣ ከሆነ ሳጥኑን አስተኙት። ማዘርቦርዱ ከታች፣ ማቀዝቀዣው ቆሞ ከላይ ይሁን። ሳጥኑ ቆሞ ከተጓዘ ያ ሁሉ ክብደት ማዘርቦርዱን ወደ ታች እየጎተተ ይሄዳል።

የላሉ ኬብሎችን በስሱ ሰብሰብ አድርጋችሁ እሰሩ። መጨረሻ ላይ ሳጥኑን አንስታችሁ ቀስ ብላችሁ ወዲህ ወዲያ አድርጉት። ኮሽ የሚል ነገር ካለ የጠፋች ብሎን ናት። ሳታገኙ አትዝጉ።

4. ማሸግ

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ፍራሽ ስፖንጅ ገዝቶ ይጠቀልላል። መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ግን የት እንደሚገባ ማወቅ ይፈልጋል። ዴስክቶፕ ሳጥን እንደየዓይነቱ ከ5 እስከ 10 ኪሎ ይመዝናል። ስፖንጁን መሬት ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ በርትታችሁ ተጫኑት። እጃችሁ ወለሉን ካገኘ፣ ያ ስፖንጅ ከታች መሆን አይችልም። ጉድጓድ ሲመጣ ሳጥኑም እንደ እጃችሁ እስከ ወለሉ ይገባል፣ ምቱንም በቀጥታ ይቀበላል። ከታች ጠንከር ያለ ነገር ይፈልጋል። ከቴሌቪዥን ወይም ከፍሪጅ ካርቶን የተረፈው ነጭ ፎም በጣም ጥሩ ነው። እሱ ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ አራት አምስት ጊዜ እጠፉ። ለስላሳው ስፖንጅ ለጎኑና ለላዩ ይሁን። በየጎኑና በላዩ ቢያንስ አራት ጣት ያህል ክፍተት ኖሮ በስፖንጅ ይሞላ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሳጥኑን በአሮጌ ነጠላ ወይም በአንሶላ ጠቅልሉት። ከዚያ ትልቅ ላስቲክ ውስጥ አስገቡና አፉን አጥፋችሁ በፕላስተር ዝጉ፤ ይህ ለአቧራና ለውኃ ነው። ከዚያ ካርቶን ውስጥ አስገቡትና ክፍተቱን በስፖንጅ ሙሉት። ካርቶኑን ሌላ ላስቲክ ወይም ሸራ ያልብሰው። ሁለት ላስቲክ የሚያስፈልገው የራሰ ካርቶን ስለሚተኛ ነው። ከውጭ የሚለብሰው የማዳበሪያ ከረጢት ብቻውን ዝናብ አይከላከልም፤ የተሸመነ ነው፣ ውኃ ያሳልፋል። ክረምት ባይሆንም ሲዳማ በበልግም እንደሚዘንብ የምታውቁት ነው።

ካርቶኑን ዝጉና አንስታችሁ ወዝውዙት። ውስጡ ከተንቀሳቀሰ ገና አልታሸገም።

5. ሞኒተሩ

ሞኒተር መውደቅን ብቻ አይደለም የሚፈራው። የበለጠ የሚፈራው አንድ ቦታ ላይ መጫንና መጣመም ነው። አንዲት የገመድ ቋጠሮ መሃሉ ላይ ካረፈች አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ይበቃታል። ስትበሩት ጥቁር የቀለም ጠብታ የመሰለ ነገር ተንጣልሎ ታያላችሁ። ያ አይጠገንም።

እግሩን ፍቱ። አንዳንዱ ከኋላ ቁልፍ አለው፣ አንዳንዱ በአራት ብሎን ነው የተያዘው። እግሩን ለብቻው ጠቅልሉ፣ ከስክሪኑ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ አታስገቡት። ብሎኖቹን በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ እግሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ።

ስክሪኑ ላይ ንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ፣ በላዩ ደግሞ በልኩ የተቆረጠ ቀጭን ቺፕውድ ወይም ድርብ ካርቶን አድርጉ። ቺፕውዱ ጠርዙ ላይ ይረፍ፣ መሃሉን አይጫን። ፕላስተሩ ጠርዝ ለጠርዝ ይዙር። ሁለት ሞኒተር ካለ ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ መሃላቸው ጨርቅና ካርቶን አስገብታችሁ፣ አንድ ላይ ጠቅልሏቸው።

ሞኒተር ቆሞ ነው የሚጓዘው። አስተኝቶ መጫን የለም፣ በላዩ ላይ ዕቃ መደረብማ ጭራሽ የለም። ሞተሩ ላይ ከነጂው ጀርባ ተጠግቶ፣ በአግድም ይቆማል። የነጂው ሰውነት ነፋሱን ይከልልለታል። ስክሪኑ ወደ ኋላ ይዙር፣ የፕላስቲክ ጀርባው ወደ ነጂው። ፍሬን ሲያዝ ዕቃው ወደ ፊት ሄዶ የነጂውን ጀርባ ይጫናል፤ ያን ጊዜ የሚጫነው ፕላስቲኩ ነው እንጂ መስታወቱ አይደለም። ተሳፋሪ ሆናችሁ መሃል ይዛችሁት የምትሄዱ ከሆነም ስክሪኑ ወደ እናንተ ይሁን። የራሳችሁን ደረት ትቆጣጠራላችሁ፣ የሞተረኛውን ጀርባ ግን አትቆጣጠሩም። ይህ ለአጭር መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለቱም እጃችሁ ተይዞ ረጅም መንገድ አይኬድም።

6. ዩፒኤስና ፕሪንተር

ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የሊድ ባትሪ ነው፣ ከባድ ነው። ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ካርቶን ውስጥ ከገባ እንደ መዶሻ ይሠራል። ለብቻው፣ ባትሪው ተነቅሎ፣ ቆሞ ይሂድ።

የሌዘር ፕሪንተር ካርትሪጅ ወጥቶ በጥቁር ፌስታል ይጠቅለል፤ ብርሃን ድራሙን (ምስሉ የሚያርፍበትን ሲሊንደር) ይጎዳዋል፣ ከተገለበጠም ቶነሩ ይበተናል። ባለ ታንክ የቀለም ፕሪንተር ግን ነርቭ ይነካል። ትንሽ ካዘነበለ ቀለሙ ይፈስሳል። የታንኩን ክዳኖች አጥብቁ፣ አንዳንዱ ሞዴል ጎኑ ላይ የጉዞ መቆለፊያ ስላለው እሱን አዙሩ፣ ከታች ጨርቅ አንጥፉ፣ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ቀጥ አድርጎ ማሰር ካልተቻለ በሞተር አይሂድ።

7. ጀርባ ላይ የሚሄደው

ላፕቶፑና የወጣው ሃርድ ዲስክ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ጀርባችሁ ላይ ይሂዱ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጉድጓድ ስትደርሱ እግራችሁን አጥብቃችሁ ከወንበሩ ብድግ ትላላችሁ፣ ምቱን ጉልበታችሁ ይበላዋል። ከዚህ የተሻለ አሞርዛተር አልተሠራም።

ሃርድ ዲስኩን በብርማው ከረጢት፣ ከዚያ በጨርቅ ጠቅልሉና ምሳ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ለዚህ ተብሎ የተሠራ ይመስላል።

ላፕቶፑ ላይ ፍላሽ ወይም የማውዝ ሪሲቨር ተሰክቶ አይቅር። ቻርጀሩ ደግሞ ሌላ ኪስ ውስጥ ይግባ። የላፕቶፕ ስክሪን ቦርሳ ውስጥ የሚሰበረው በአብዛኛው በዚያ ጥቁር ጡብ በሚያህል የቻርጀር ራስ ነው፣ መንገዱን ሙሉ ክዳኑን ሲደቃ ይከርማል።

ዴስክቶፕ ሳጥን ግን ጀርባ ላይ አይታዘልም። ሚዛን ያስታል። ከወደቃችሁ ደግሞ የሚያርፈው አከርካሪያችሁ ላይ ነው።

8. ሞተሩ ላይ ማሰር

ቦታው ከነጂው ጀርባ ወዲያው፣ ወንበሩ ላይ ነው። ከኋላ ያለው መጫኛ ብረት ምቹ ይመስላል፣ ግን ከኋላ ጎማው እምብርት አልፎ ይሄዳል። እዚያ ላይ ያለ ዕቃ ወንበሩ ላይ ካለው የበለጠ ይዘላል። መጫኛ ብረቱን ለኬብል፣ ለኪቦርድና ለሞኒተር እግር ተዉት።

የሞተር ወንበር ጠባብ ነው፣ ካርቶኑ ሰፊ። ካርቶኑ በቀጥታ ከተጫነ ሁለት ጎኑ ይንጠለጠልና መሃሉ ይጎብጣል። በካርቶኑ ልክ የተቆረጠ ቺፕውድ ከታች አድርጉ፣ በቺፕውዱና በወንበሩ መካከል ስስ ስፖንጅ።

አሁን ገመዱ። እኛ አገር የሚወደደው ከጎሚስታ የሚገኝ አሮጌ ካላማዳሪ ነው፣ በቁመቱ ተሰንጥቆ። ይይዛል፣ አይንሸራተትም፣ ርካሽ ነው። ችግሩ መለጠጡ ነው። በካላማዳሪ ብቻ የታሰረ ዕቃ እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ብድግ ብሎ ይመለሳል። በሲባጎ ብቻ የታሰረ ደግሞ ካርቶኑን ይቆርጠዋል፣ ትንሽ ሲሟሽሽም ይላላል። ሁለቱን አጣምሩ። መጀመሪያ የማይለጠጥ ሰፊ ቀበቶ ወይም ጠፍጣፋ ገመድ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንዲይዝ። ከዚያ በላዩ ካላማዳሪውን በመስቀል ቅርጽ ወጥሩት። ገመዱ ቢላላ እንኳ ካላማዳሪው ይሰበስበዋል። ገመዱ በሚያልፍበት የካርቶን ጠርዝ ሁሉ የታጠፈ ካርቶን ጣል አድርጉ።

የሚታሰረው ከሻሲው ጋር በተያያዘ ብረት ላይ ነው፤ የኋላ እጀታው፣ የተሳፋሪ እግር መርገጫው ብረት። ፍሬቻ ላይ አታስሩ፣ ይነቀላል። ማርሚታ አጠገብ አታሳልፉ፣ ይቀልጣል። የተረፈውን ጫፍ ጠቅልላችሁ ወደ ውስጥ ወትፉት። የተንዘላዘለ ገመድ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ የኋላ ጎማ ሲቆልፍ ኮምፒውተሩ ትንሹ ችግራችሁ ነው። የኋላ መብራቱና ፍሬቻው እንደማይሸፈን ከኋላ ቆማችሁ እዩ።

ስለ ጎማ አንድ ነገር። ዕቃ ሊጭን ሲል «ጠንከር አድርገህ ንፋልኝ» የሚል ብዙ ነው። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እያንዳንዱን ጠጠር ወደ ላይ ያስተላልፋል። ለጭነት የሚሆነው ልክ መመሪያው ላይ ወይም ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ በእሱ ሂዱ። ብዙ ሞተር ላይ የኋላ አሞርዛተርም ለጭነት የሚስተካከል ደረጃ አለው፤ ሜካኒኩ በደቂቃ ያዞረዋል።

9. መንገድ ላይ

የሞተር ታክሲ ከሆነ ዋጋውን ከመቁረጣችሁ በፊት ምን እንደጫናችሁ ንገሩት። ሞተረኛ የሚያተርፈው በምልልስ ነው፣ መፍጠኑ አይቀርም። ጨመር አድርጋችሁ ክፈሉና «ቀስ ብለህ ነው ወንድሜ» በሉት። ለዝግታ የተከፈለ ብር የትም አይጠፋም።

አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ቁሙና ገመዱን እንደገና አጥብቁ። ሁልጊዜ ይላላል፤ ካርቶኑም ስፖንጁም ቦታ እየያዘ ነው።

ኮብልስቶን ላይ ቀስ በሉ። ትልቅ ጉድጓድ ባይኖረውም ያለማቋረጥ ያንቀጠቅጣል፣ ብሎን የሚፈታው እሱ ነው። ፒስታ ላይ ከአይሱዙ ኋላ አትከተሉ። አቧራው አልፎ ገብቶ ማራገቢያ ላይ ይቀመጣል፣ ጉድጓዱንም አታዩትም። ፍሬን ሁለቱንም ቀስ አድርጋችሁ ያዙ፣ ቀድማችሁ ያዙ። ስትቆሙ ሞተሩን በአንድ እግሩ አዘንብላችሁ ጥላችሁት ሻይ አትጠጡ። ከላይ ከባድ ጭነት ያለው ሞተር በቀላሉ ይገለበጣል። ባለ ሁለት እግሩን ማቆሚያ ተጠቀሙ፣ ከሌለው አንድ ሰው ይያዘው።

10. ከደረሰ በኋላ

ወዲያው አትሰኩት። ከሀገረ ሰላም ብርድ ወደ ሐዋሳ ሙቀት የወረደ ብረት ያልበዋል። ያ ላብ ማዘርቦርዱ ላይም አለ። ካርቶኑን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት።

ከዚያ ሳጥኑን ክፈቱ። ራሙን እንደገና ጫን በሉ፣ ማራገቢያውን አራት ማዕዘኑን ንኩ፣ ሃርድ ዲስኩንና ካርዱን በፎቶው መሠረት መልሱ። የቆየ ኮምፒውተር ከሆነ ከኋላ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ ቀይ ትንሽ ማዞሪያ ይኖረዋል። 230 ላይ መሆኑን እዩ። በጉዞ ላይ ወይም በልጅ እጅ ወደ 115 ከዞረ ስትሰኩት ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ክፍል) ይፈነዳል። አንድ ሰከንድ የማይፈጅ ምርመራ ነው።

አብሩት። ጢጥ ጢጥ ካለ ወይም ስክሪኑ ባዶ ከሆነ በመጀመሪያ አጥፍታችሁ ኤሌክትሪኩን ንቀሉ፣ ከዚያ ራሙን አውጥታችሁ ጥርሱን በላጲስ ጠረግ አድርጋችሁ መልሱት። ብዙውን ጊዜ በዚህ ያልቃል። ሃርድ ዲስኩ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያው አጥፉ። «እስቲ አንዴ ልሞክር» አይሠራም፤ እያንዳንዱ ሙከራ ሳህኑን ይፍቃል። ዳታው የግድ ከሆነ ሳይነካ ለባለሙያ ይሰጥ።

በሰላም ከተነሳ ያንን የዲስክ ጤንነት ፕሮግራም ክፈቱና ከጉዞ በፊት ካነሳችሁት ፎቶ ጋር አስተያዩ። የተበላሹና የተተኩ ሴክተሮች (ዳታው የሚጻፍባቸው የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር ከጨመረ ዲስኩ መንገድ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። ዛሬ ቢሠራም ነገ ስለማይታመን ቀይሩት። ሞኒተሩን ሙሉ ነጭ ምስል ከፍታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ እዩ።

ስፖንጁን፣ ቺፕውዱንና ካርቶኑን ሞተረኛው ይዞት እንዳይሄድ። የምን እንደሆኑ ጽፋችሁባቸው ስቶር አስቀምጡ፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ለጥገና መውረዱ አይቀርም።